የቀዩ ተንግስተን አቧራ

አቃቂ፣ እሑድ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሐዋሳ ላለችው ለባለቤቴ ለአሰፋች

አሰፉዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ደረትሽስ? በስልክ ስጠይቅሽ «ደህና ነኝ» ትዪኛለሽ፤ ይህችን ሁለት ቃል ለመጨረስ ግን ሁለቴ ትስያለሽ። የሐዋሳ አየር ይሻልሻል ተብሎ ከሄድሽ ሁለት ወር ሊሞላ ነው፣ ሳሉ ግን አልተወሽም። እህትሽ አደሴም እንደ አንቺው ነገር መሸፈን ትወዳለች። ባለፈው ግን አምልጧት «ከገበያ ስንመለስ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ አረፍን» አለችኝ። ከገበያው እስከ ቤታቸው ስንት እርምጃ እንደሆነ አውቀዋለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብም አልበላልኝ አለ።

እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም። ደክሞኛል። ጠዋት ከአልጋ ወርጄ ጫማዬን እስካስር ድረስ የቀኑን ሥራ ግማሹን የጨረስኩ ይመስለኛል። ውሃ በሳምንት ሁለቴ ይመጣል፤ እሱም እኔ ሥራ ላይ ስሆን መጥቶ ስገባ ይሄዳል። ልጃችን እምነት ቅዳሜ ቅዳሜ ከቱሉ ዲምቱ በሁለት ታክሲ መጥታ ወጥ ትሠራልኛለች። ጨው ታበዛለች፣ እኔም ዝም ብዬ እበላለሁ። ያንቺ ወጥ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ሳህኑን ገፍቼ ነበር፣ ታውቂኛለሽ።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። ይህን ነገር ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ውሃውና ስለ መብራቱ አውርቼ ዘጋሁት። ፊት ለፊትማ ጭራሽ አልችልም። እምነት ማክሰኞ ወደ አንቺ ስትመጣ ይዛልሽ ትምጣ ብዬ ነው። አሽጌዋለሁ። ምን እንዳለበት አልነገርኳትም።

ነገሩ የሚጀምረው ከወርክሾፑ ነው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ቆርቆሮዋ ውስጥ ቀርጸሽ የተውሽልኝ የብየዳ ዘንጎች፣ ተንግስተኖቹ፣ ሦስት ሳምንት አደረሱኝ። እነሱ ሲያልቁ ጉዳችን ፈላ። አብሮኝ የሚበይደው ወንድዬ «እኔ እቀርጸዋለሁ፣ ይሄ ምን አስቸጋሪ አለው» ብሎ ተራ ብረት በምንፈጭበት ድንጋይ ላይ ቀረጸው፣ ያውም አግድም ይዞ። አንቺ እርሳስ የሚያህለውን ዘንግ በቁመቱ ወደ ድንጋዩ ሰጥተሽ፣ ጭረቱ ሁሉ ወደ ጫፉ እንዲሄድ አድርገሽ ነበር የምትቀርጪው። የወንድዬ ጭረት ዙሪያውን እንደ ቀለበት ዞረ። በእሱ ስንበይድ እሳቱ አንድ ቦታ አልቆም አለ፣ ወዲህና ወዲያ ተቅበዘበዘ። ድንጋዩ ላይ የነበረው የብረት ብናኝም ጫፉ ላይ ተጣብቆ ነበር። ለወተት ማቀነባበሪያ የሠራነው የስቴንለስ ታንክ በአምስተኛው ቀን ተመለሰ። የብየዳው መስመር ላይ ጥቁር ጥቁር ነጥብ ፈሶበታል። ወተት የሚቀመጥበት ዕቃ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይቀበሉም፣ እውነታቸውን ነው።

አለቃችን አቶ ጂራታ ታንኩን ዞሮ ዞሮ አየና ወደ እኔ መጣ። «ኦላና፣ ምን ነካህ? የኦላና ጫፍ ሲባል እኮ ቃሊቲ ድረስ ይታወቅ ነበር» አለኝ።

የኦላና ጫፍ። እንዲህ ነበር የሚሉት፣ አሰፉ። ይህንንም አልነገርኩሽም። በየሰኞው ቆርቆሮዋን ስከፍት ሰዉ ተሰብስቦ ያይ ነበር። «እጅህ ይባረክ» ሲሉኝ አሜን እል ነበር። አንድ ቀን እንኳ «የእኔ እጅ አይደለም፣ የሚስቴ ነው» አላልኩም። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ቀልድ ነበር፤ ጣቴ ተቃጥሎ እቤት ስቀመጥ «እስቲ አምጣው» ብለሽ ወሰድሽ፣ እንዝርት እንደምታሾሪው በሁለት ጣትሽ እያሾርሽ ቀረጽሽው፣ ከእኔም በለጥሽ። ጣቴ ከዳነ በኋላም ሥራው አንቺ ዘንድ ቀረ። የእኔ ስም ደግሞ ወርክሾፑ ውስጥ እያደገ ሄደ። ስንት ጊዜ ላስተካክለው አስቤ ዛሬ ነገ ስል አሥራ አንድ ዓመት ሆነ።

አቶ ጂራታ መጮህ አይወድም። «እንግዲህ ዕድሜም ነው» አለና ማሽን እንዲገዛ ወሰነ። «አንተ ሄደህ ምረጥ፣ ቅዳሜ ንገረኝ» አለኝ። እኔም ረቡዕ ዕለት ሳሪስ የብየዳ ዕቃ ወደሚሸጠው ልጅ ሄድኩ። ዚያድ ይባላል፣ ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው። ትሑት ልጅ ነው፤ በርጩማ አቀረበልኝና ያለውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደረደረው።

የመጀመሪያው እቤት እንዳለን ያለ ባለ ሁለት ድንጋይ መፍጫ፣ ግራይንደር ነው፤ ልዩነቱ አንዱ ድንጋይ አልማዝ የተቀባ መሆኑ ነው። ሁለተኛው በእጅ የሚያዝ ትንሽ ማሽን ነው። ጎኑ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው፣ ዘንጉን በፈለግሽው ቀዳዳ ስታስገቢው ሾሉን በዚያው ልክ ያወጣዋል። እንዴት እንደሚያናድድሽ አሰብኩና ብቻዬን ሳቅሁ፤ አንቺ በዓይንሽ ብቻ የምትለኪውን ሾል ቀዳዳ ሊለካልሽ። ሦስተኛው በብልቃጥ ያለ ዱቄት ነው። የጋለውን ዘንግ ስትነክሪው ዱቄቱ በልቶ ያሾለዋል። እሱን እንኳ ገና ሳየው አልወደድኩትም። አራተኛው የተዘጋ ሣጥን ነው፤ መስኮት አለው፣ ከኋላው አቧራውን ስቦ የሚያስቀር መምጠጫ አለው። ትልቅ ነው፣ ቦታ ይይዛል፣ ለአንድ ዘንግ ብሎ ማቀዝቀዣ የሚያህል ዕቃ ማን ይገትራል ብዬ አልፌው ወደ ትንሿ ማሽን ተመለስኩ።

ዚያድ ግን «ለመሆኑ የሚጠቀሙበት ተንግስተን ባለ ምን ቀለም ነው ጋሼ?» አለኝ።

ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። አንቺ የቀረጽሽው የመጨረሻው ነበር፣ ለማስታወሻ አስቀርቼው እንጂ አልበየድኩበትም። ልጁ አገላበጠው። እንደምታውቂው እኛ ሁለቱንም ጫፍ ነው የምናሾለው፤ አንዱ ሲበላሽ ገልብጠን ለመሥራት። ለካ ዓይነቱን የሚናገረው ቀለም ያለው ከአንደኛው ጫፍ ላይ ነው። አዲሱን ገና ስንከፍተው ቀለሙን ፈጭተን እንጥለዋለን፣ ከዚያ በኋላ ማንም ምን እንደያዘ አያውቅም። «ፓኬቱስ?» አለኝ። ለአቶ ጂራታ ልወስደው ባዶውን ፓኬት ይዤ ነበር። አየውና ፊቱ ተለወጠ።

«ቀይ ነው» አለ። «ይሄ ቶሪየም አለበት ጋሼ። ሲበይዱበት ብዙም ችግር የለውም፤ አቧራው ነው መጥፎው። ጨረር ያለው ነገር ነው። ወደ ሳንባ ከገባ አይወጣም ይላሉ። ያለ መምጠጫ ነው እንዴ የምትቀርጹት?»

«አዎ» አልኩት።

«የት? ውጭ ነው?»

«ጓዳ ውስጥ» አልኩት።

«ማን ነው የሚቀርጸው?»

«እኔው ነኝ።» እንደ ልማዴ ከአፌ ወጣ። አስቤውም አይደለም።

ልጁ ትክ ብሎ አየኝ። «ታዲያ ሳል የለብዎትም?» አለኝ።

«የለብኝም» አልኩት። ይህኛው እውነት ነበር። ልጁ ውሃ አመጣልኝ። «ሰው ሁሉ ይታመማል ማለቴ እኮ አይደለም ጋሼ፣ ጥንቃቄ ለማለት ነው» እያለ ሊያጽናናኝ ሞከረ። ምንም ሳልመርጥ ወጣሁ። ታክሲ ላለመያዝ ብዬ ሳይሆን መያዝ ረስቼ እስከ ሳሪስ አቦ በእግሬ ሄድኩ።

አሰፉ፣ ያ ጓዳ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ጎረቤት በጩኸቱ እንዳይማረር ብዬ በሩን እኔ ነበርኩ የምዘጋው። መስኮቱንም እኔ ነኝ በማዳበሪያ ጆንያ የደፈንኩት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሻሽሽን ጸጉርሽ ላይ ታስሪ ነበር፤ አፍሽ ላይ እሰሪው ያለሽ ሰው የለም። ስትጨርሺ ደጃፉ ላይ ወጥተሽ ስታራግፊው ግራጫ ዱቄት ይበን ነበር። እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ጋዜጣ አነብ ነበር። እምነትም ልጅ እያለች እዚያው ጠረጴዛ ጥግ ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር።

አሁን ዋናውን ልጻፈው። እስካሁን ዙሪያውን ስዞር የቆየሁት እዚህ ላለመድረስ ነው።

ከመሄድሽ በፊት ሆስፒታል ስንገባ ሐኪሟ የጠየቀችሽን ታስታውሻለሽ። «ቤት ውስጥ ጭስ ወይም አቧራ ያለበት ሥራ ይሠራሉ?» አለችሽ። አፍሽን ልትከፍቺ ስትይ እኔ ቀደምኩሽ። «የከሰል ጭስ ነው» አልኳት። አንቺ ወደ እኔ ዞር ብለሽ አየሽኝ። ከዚያ አንገትሽን ደፍተሽ የነጠላሽን ጥለት መቁጠር ጀመርሽ። እሷም «የከሰል ጭስ» ብላ ጻፈች። ከሰል ተይ ተባልሽ፣ ተውሽ። አየር ለውጪ ተባልሽ፣ ሄድሽ። የሐዋሳው ሐኪምም ያንኑ ወረቀት ነው ይዞ የሚያክምሽ።

የዚያን ቀን ስለ ቀዩ ነገር አላውቅም ነበር፣ ይህን እመኚኝ። ስለ ድንጋዩ አቧራ ግን ዓይን አለኝ፣ አይቼው ነበር። ለምን ዋሸሁ? ሐኪሟ «የእርስዎን ሥራ ሚስትዎ ነበረች የምትሠራው?» እንዳትለኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። የኦላና ጫፍ የኦላና እንዳልሆነ አንዲት የማላውቃት ሴት እንዳታውቅብኝ ብዬ ነው። አንቺም የእኔን ገመና ላለማውጣት ብለሽ በራስሽ ደረት ላይ ዝም አልሽ። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። ይቅር በይኝ። ይቅር ባትዪኝም እንዳልፈርድብሽ እወቂ።

አቧራው ነው ያሳመመሽ ብዬ መናገር አልችልም፣ ሐኪም አይደለሁም። ላይሆንም ይችላል፤ እንዳይሆንም እየለመንኩ ነው። ግን ሐኪሙ ያልተነገረውን እንዴት ብሎ ይፈልግልሽ?

ትናንት ቅዳሜ ወርክሾፕ ስገባ አቶ ጂራታ «መረጥክ?» አለኝ። ወንድዬና ሌሎቹም ነበሩ። «መርጫለሁ። የተዘጋውን ሣጥን ነው የምንገዛው። ተንግስተኑም ከእንግዲህ ቀዩ እንዳይመጣ፣ ቶሪየም የሌለበት አለ» አልኩት። ጂራታ «ትንሿ ማሽን ትበቃ የለ?» ሲል «አትበቃም» አልኩ። ከዚያ «አሥራ አንድ ዓመት ያያችሁት ጫፍ የእኔ አይደለም። አሰፋች ናት የቀረጸችው። አሁን ደረቷን አሟታል» አልኳቸው። ማንም አልሳቀም። ወንድዬ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገው። ጂራታ «እሺ፣ ሣጥኑ ይገዛ» ብቻ አለና ወደ ቢሮው ገባ። ቀኑን ሙሉ ማንም አላናገረኝም። ተቀይመው ይሁን አፍረውልኝ አላውቅም። ስሜም እንዳለ ሄደ፣ ይሂድ፣ ከብዶኝ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሌላ ወረቀት አለ። እሱ የአንቺ አይደለም፣ የሐኪሙ ነው። ከፓኬቱ ላይ ጽሑፉን ቆርጬ አያይዤበታለሁ። አሥራ አንድ ዓመት፣ በየእሑዱ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ በርና መስኮቱ ተዘግቶ፣ ያለ አፍ መሸፈኛ ብዬ ጽፌያለሁ። የከሰል ጭስ ያልኩት እኔ እንደሆንኩና ውሸት እንደነበረም ጽፌ ስሜን ፈርሜበታለሁ። እምነትንም ሐኪም ይያት፤ ምክንያቱን አንቺ ንገሪያት፣ ወይም ተይው፣ ስትመለስ እኔው እነግራታለሁ። የእኔ ዕዳ ነው።

ሐሙስ ቀጠሮሽ ነው። ወረቀቱን ቦርሳሽ ውስጥ ደብቀሽ እንዳትመለሺ፣ አውቅሻለሁ። «ባለቤቴን ምን ይሉታል» ብለሽ እንዳትሸፍኚኝ። የሚሉትን ይበሉኝ። አቦዬ ትንፋሽሽን ይመልሱልሽ፣ መንገድ ላይ ሳታርፊ ገበያ ደርሰሽ የምትመለሺበትን ቀን ያሳዩኝ። አደሴንና ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም በዪልኝ።

ሐኪሙ ሲጠይቅሽ አሁን ቀድሞሽ የሚመልስ ሰው አጠገብሽ የለም። አንቺው ንገሪው።

ባልሽ
ኦላና