ኢቃማዋን የበላችውን ፍየል የጻፉት ወይዘሮ ቀጸላ

ወይዘሮ ቀጸላ ሀብተሚካኤል ከአባታቸው ከአቶ ሀብተሚካኤል አያሌውና ከእናታቸው ከወይዘሮ በለጡ ቢልልኝ በ1948 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው አጠናቀው፣ በደብረ ብርሃን የመምህራን ማሠልጠኛ ሠልጥነው ጥቂት እንዳስተማሩ፣ የዘመኑ መከራ አላስቀምጥ ብሏቸው በ1970 ዓ.ም. በመተማ በኩል ሱዳን ገቡ። በ1973 ዓ.ም. በካርቱም ከአቶ ፍሬው ማዘንጊያ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ነቢዩንና ሳራን ወለዱ።

የመምህርነት ዲፕሎማቸውን ይዘው አል-ሳሃፋ በሚገኝ ክሊኒክ ወለል ሲወለውሉ ኖሩ። ከሥራ መልስ ግን ጀብራ በሚገኘው ቤታቸው የሰፈሩን የሐበሻ ልጆች ሰብስበው ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። አማርኛው አልገፋ ቢላቸው፣ ልጆቹ ራሳቸው በሚናገሩት ዐረብኛ በገባበት አማርኛ ተረት እየጻፉ፣ ሱቅ ዐረቢ በሚባለው ገበያ በፎቶ ኮፒ እያባዙ ያድሏቸው ጀመር። በረክሻ፣ በእኛ አገር ባጃጅ በሚሉት፣ ተሳፍራ ስትሄድ ፖሊስ አስቁሞ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ቢጠይቃት ወረቀቱን ፊቱ አኝካ የዋጠችውን ፍየል የማያውቅ የጀብራ ልጅ አልነበረም። ፖሊስ ባዩ ቁጥር ከእናታቸው ቀሚስ ሥር ይወሸቁ የነበሩ ልጆች በዚያች ፍየል ሳቁ።

ልጃቸው ነቢዩ አልሳቀም። በካርቱም የማኅበረሰባችን ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርና የእናቱ ቅይጥ አማርኛ በባልደረቦቹ ፊት አሳፈረው። በ2004 ዓ.ም. የመጻሕፍት ኮሚቴው ሰብሳቢ ሲሆን፣ የልጆቹን ቋንቋ ያበላሻሉ ብሎ እናቱ ለትምህርት ቤቱ የሰጧቸው ተረቶች እንዲወጡ አስወሰነ። ሦስት ካርቶን ሙሉ ነበሩ። ለእናቱ ሳይነግር፣ የለውዝ መጠቅለያ ይሁንሽ ብሎ ለባለ ሱቋ ለዘሃራ ሰጣት።

በዚያ ሰሞን የጀብራን ልጆች የለውዝ ፍቅር ያዛቸው። ለካ ገጽ እየለቀሙ፣ የጎደላቸውን እየተለዋወጡ በክር ይሰፉ ኖሯል። ወይዘሮ ቀጸላም አንድ ቀን ለውዝ ገዝተው ገቡና መጠቅለያውን ሲፈቱ የገዛ ጽሑፋቸውን አዩት። በመዳፋቸው አቃንተው ዳዊታቸው ውስጥ አኖሩት። ነቢዩ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ነበር፤ እሳቸውም አልጠየቁም፣ እሱም አልተናገረም።

በ2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ቤተሰቡ ወደ ገዳሪፍ ሸሸ። እዚያ መጠለያ ውስጥ ይመኙሻል የምትባል የቀድሞ ተማሪያቸው አገኘቻቸው። ቅያሪ ልብስ እንኳ ሳትይዝ ከካርቱም ስትወጣ፣ ያን በክር የተሰፋ፣ የለውዝ ቅባት የጠጣ መጽሐፍ ይዛ ነበር፤ ለልጇ ታነብለታለች። «እትዬ ቀጸላ፣ ይህ ሁሉ ተረት እንዴት ዘሃራ ሱቅ ገባ?» ብላ ጠየቀች። ነቢዩ አጠገባቸው ነበር። እናቱ ግን ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት፣ «እኔ ነኝ የሰጠኋት። ለውዝ የማይበላ ልጅ የለም፤ ለሁሉም ይድረስ ብዬ ነው። ኸላስ፣ በቃ» አሉ። የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል፤ የእናት ምሕረት እንደሚብስ ነቢዩ ያን ቀን አወቀ።

ወይዘሮ ቀጸላ በ2017 ዓ.ም. ወደ ካርቱም ተመልሰው፣ በስኳር በሽታ ሲታመሙ ቆይተው ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ70 ዓመታቸው ዐረፉ። ነቢዩ አራት ወር ሲያስታምማቸው ይቅርታ ሊጠይቅ ስንት ጊዜ አፉን ከፍቶ፣ ውሃ ላምጣ ወይ እያለ ዘጋው። አቶ ፍሬው ቀድመዋቸዋል፤ ሁለት ልጆችና አራት የልጅ ልጆች ተርፈዋቸዋል፤ ፊደል ያስቆጠሯቸው ግን ተቆጥረው አያልቁም።

ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ልጃቸው ነቢዩ ነው። በዚህ ጉባኤ ፊት አንድ ነገር እንዲታረም ይለምናል፦ ተረቶቹን ለመጠቅለያ የሰጡት ወይዘሮ ቀጸላ አይደሉም፤ እሱ ነው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ ያኑርልን፤ ስለ ልጃቸው ብለው የተናገሯትን አንዲት ውሸትም አይቁጠርባቸው።