የቀኝ ጎኑ

ይድረስ አባባን እስከ መጨረሻው ላስታመምሽው ለእትዬ፣

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ልጆቹስ? ያ ነገረኛ ጎረቤትሽስ አደብ ገዛ ወይ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። በእጄ ስላልጻፍኩልሽ አትቀየሚኝ፤ ኮምፒውተር እያለ ምን አደከመኝ ብዬ ነው።

ከስድስት ሺህ ሜትር የባሕር ጥልቀት አንድ አዲስ ፍጥረት መጥቶልናል። ሽሪምፕ መሳይ፣ ጎባጣ፣ ዓይን የለሽ፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ነው። ሌላ የለንም። ስም የምናወጣለት እግሮቹን አንድ በአንድ ፈትተን ከሳልን በኋላ ነው። በሙያችን የግራ ጎኑ ይፈታል፤ የቀኙ ሳይነካ ለምስክርነት ይቀመጣል።

ማክሰኞ የግራውን ስፈታ መርፌው አመለጠኝና ሦስት እግሩን ሰባበርኩት። ሃያ ዓመት ስሠራ እንዲህ ሆኜ አላውቅም፤ እንቅልፍ አንሶኝ ይሆናል። አሁን የተረፈው ቀኙ ብቻ ነው። አለቃችን «ካንቺ እጅ ሌላ የማንንም አላምንም» ብሎ ቀኙን እንድፈታ ለሰኞ ቀጠረኝ። ባልደረባዬ ግን ማክሰኞ አጠገቤ ነበረችና፣ ቀስ ብላ «የኔን እጅ ላውስሽ?» አለችኝ። «ያንቺ እጅ ለሽንኩርት ነው» ብዬ በሳቅ አለፍኳት። እሷ አልሳቀችም። ከዚያ ወዲህ ሻይ ከሰው ጋር አልጠጣም፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው እንጂ፣ አባባ ብርጭቆውን በሁለት እጁ መያዝ የጀመረው በስንት ዓመቱ ነበር? ከሰኞ በፊት ጻፊልኝ። ለእማማ ግን እንደጠየቅሁሽ አትንገሪያት።

ልጆቹን ጉንጭ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ደህና ሁኚልኝ፣ እትዬ። ከታች ያለው ፊርማ የኔው ነው፤ እንዳትጠራጠሪ።

ታናሽሽ