የገላነሽ ሽንኩርትና የጨው ምንጭ

ወረታ፣ የካቲት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ልጄ አበረ፣ በሰው አገር የረገጥኸው መሬት ይመችህ፤ እመብርሃን በጥላዋ ታኑርህ። እኔ እናትህ ታይቱ ደህና ነኝ።

ደብዳቤህን መሪጌታ ቢሻው አነበቡልኝ፤ ይኸንንም የሚጽፉልኝ እሳቸው ናቸው። እዚያ የውሃን ነገር በምትማርበት አገር ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ወንዙን ጨው እንዳደረገው ስሰማ፣ «ታድለው! እኛ ለከብት አሞሌ ፍለጋ ይፋግ ገበያ ድረስ እንኳትናለን» ብዬ ሳቅሁ። ቀጥሎ ግን ያ ውሃ በመስኖ የገባበት አዝመራ እንደሚቃጠል ጽፈሃል። ያኔ ሳቄ ከአፌ ቀረ።

ጎረቤታችን ገላነሽ ከብቶቹ ከሚወዱት ምንጭ ቦይ አውጥታ ሽንኩርቷን ታጠጣ ነበር፤ ለከብት የበጀ ለሽንኩርትም ይበጃል ብላ። ሲጠወልግባት «ዓይን በላው» አለች። እኔ አንተ በደብዳቤህ እንዳልኸው የምንጩንና የርብ ወንዝን ውሃ በሁለት ገል አድርጌ ፀሐይ ላይ አደረቅሁ። የርቡ ገል እንደነበረ ቀረ፤ የምንጩ ነጭ ለበሰ። ያን ነጩን በጣቷ አስነክቼ አስቀመስኋት። ዛሬ ቦዩን ከርብ አምጥታ አዲስ ችግኝ ተክላለች፤ አንተን ሳትመርቅ አታጠጣም። ውሃን የሚያናግር ልጅ ወልጄ፣ እኔም ገበያ ስወጣ ቀና ብዬ ነው የምሄደው።

ብርዱ ክፉ ነው ይላሉ፤ ደረትህን ሸፍን፤ ጾምህን አትርሳ። ያሰብኸውን ያሳካልህ፤ በሕይወት ያገናኘን።

ስትመጣ ልብስ አታምጣልኝ። የዚያን ወንዝ ውሃ በጠርሙስ ይዘህልኝ ና፤ ልጄን አራት ዓመት የያዘብኝን ውሃ ቀምሼ ልወቀው።