ከሰማይ የታየው የእግር መንገድ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤

ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ? ሳሉስ ለቀቀሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ ከዓይኔ ድካም በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። በጦርነቱ ጊዜ ከአውሮፕላን የተነሱ ፎቶዎችን በአጉሊ መነጽር እያየሁ፣ ሰው ከቦምብ የተደበቀባቸውን ጉድጓዶች ካርታ ላይ አመለክታለሁ፤ ማንም ሳያውቅ በላያቸው ቤት ሠርቶ እንዳይሰምጥ ነው። ጉድጓዱ ራሱ አፈርና ሣር ስለለበሰ አይታይም። የሚያሳብቅበት ወደ እሱ የሚወስደው የእግር መንገድ ነው። አለቃችን "የአንድ ቀን ሩጫ መንገድ አያወጣም" ይላል፤ ነጭ መስመር ከታየ ሰው ለሳምንታት ተመላልሶበታል ማለት ነው።

ባለፈው ማክሰኞ የእኛው ሰፈር ፎቶ ደረሰኝ። ቤታችን የክብሪት ቀፎ ታክላለች። ያሰጣሽው ልብስ ሳይቀር ገመዱ ላይ ይታያል፤ ያን ጊዜም ማስጣት እንጂ ማንሳት አታውቂም ነበር! ከጓሯችን ጉድጓድ አንዱ መንገድ ወደ ቤታችን ይመጣል። ሌላው ግን በተከፈተ አጥር አልፎ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ደጃፍ ይደርሳል። ከጀርባው የተጻፈውን ቀን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልብስ ሰፊው ከጉድጓዱ ውጭ ቀርቶ በቦምብ ከመሞቱ ሁለት ቀን በፊት ነው።

እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የማስታውሰው የጉድጓዱን በር መዘጋትና አባባ "አልከፍትም" ማለቱን ብቻ ነው። አንቺ ግን አባባ አጥሩን ያፈረሰው ለእሱ ብሎ እንደሆነ፣ በየቀኑ ከእኛ ጋር ይገባ እንደነበር፣ የዚያን ቀን የስፌት መኪናዬን ብሎ ከመንገድ እንደተመለሰ ነግረሽኝ ነበር። "አልከፍትም" ያለውም ነፍሷን ይማርና እናታችን ወጥታ ልትጠራው ስትል ነው ብለሽ ማልሽልኝ። የአባትሽን ነውር ትሸፍኛለሽ ብዬ ዘለፍኩሽ። ፎቶው በሩን አያሳይም፤ አጥሩን ግን ያሳያል። ለጎረቤቱ አጥሩን ያፈረሰ ሰው በሩን አይዘጋበትም።

አባባን በሰው ፊት ነፍሰ ገዳይ ብዬ ከቤት ከወጣሁ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። እሱ አንድ ቀን እንኳ አልተከራከረኝም። በደብዳቤዎቼ ሁሉ ለቤተሰቡ በየተራ ሰላምታ ሳቀርብ እሱን እዘለው ነበር። ስታነቢለት እስከ መጨረሻው አዳምጦ "አበቃ?" እንደሚልሽ ጽፈሽልኝ እንኳ ልቤ አልራራም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ቆጭቶኛል እህቴ፣ በጣም ቆጭቶኛል። አንቺም ይቅር በይኝ።

ለባለቤትሽ፣ ለመንታዎቹ፣ ለዚያም ለአልቃሻው ትንሹ ልጅሽ ሰላምታዬን አድርሽልኝ። የአክስታችንን ጉልበት ሳሚልኝ። አባባ "አበቃ?" ሲልሽ፣ ጆሮው ስለደከመ ጮክ ብለሽ፣ አላበቃም በይው። ልጅህ ጉልበትህን ስሞ ይቅር በለኝ ይልሃል በይው።

ታናሽ ወንድምሽ
ከካርታ ክፍሉ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን