ጉንጬ ላይ የሳልኩት ምልክት

ለውዷ እታለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ቀኑን ሙሉ የክር ማሽን ፊት የሚያቆምሽ ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ጠጉሬ ብቻ ጥሎኝ ሄዷል።

ከስምንቱ ዙር የካንሰር መድኃኒት አራተኛውን ትናንት ወሰድኩ። እንደምታውቂው፣ ከቤት ስወጣ መስታወት ፊት ቆሜ ግራ ጉንጬ ላይ የኩል ነጥብ አደርግና አንቺን እሆናለሁ። ፎቶው ያንቺ፣ ፋብሪካው የገባልሽ መድን ያንቺ፣ ማርያም የሳመችውም ያንቺን ጉንጭ። ቤቷ ተቀምጣ ልብስ ለምትሰፋ ሴት ማን መድን ይገባላታል? ስምሽ ሲጠራ አቤት እላለሁ።

ወንበሬ መስኮት አጠገብ ነው። መድኃኒቱ ጠብ ጠብ ሲል ዓይኔ ይከደናል፤ ክፍሉም ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል። ያኔ በቃ አንቺ ነኝ። የተበጠሰ ክር እቀጥላለሁ፣ ልጆችሽን አጥባለሁ፣ ባልሽንም እቆጣለሁ፤ ይቅር በይኝ፣ ጥፋቱ ብዙ ነው። ልጆች ሳለን አንዷን ሹራብ በፈረቃ ስንለብስ፣ ሙቀትሽ ሳይወጣ እኔ እገባበት አልነበር? ልክ እንደዚያ ነው የሚመስለኝ።

ትናንት ስባንን ግን የካርድ ክፍሏ ሴትዮ አጠገቤ ተቀምጣለች። ላቤ ምልክቱን ወደ አገጬ አውርዶት ኖሮ፣ መሀረብ አቀበለችኝና ጥረጊው አለችኝ። ተያዝኩ ብዬ ፊቴን በመሀረቡ ሸፈንኩ። እሷ ግን አልተቆጣችም። ፋይሉን ገልጣ ከእኔ ወረቀቶች ሁሉ ሥር ያለውን አሳየችኝ። እኔ መታመሜን ላንቺ ከመንገሬ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ አንዲት ሴት በዚሁ በስምሽ ከእናንተ ከተማ ድረስ መጥታ ጡቷ ላይ እብጠት አሳይታለች። ለናሙና ተመለሺ ተብላ በዚያው ቀረች። ይቺን ሴት ፈልገሽ ላኪልኝ አለችኝ።

እታለም፣ ካርዱን ስታስይዢኝ፣ እኔ ብረት ነኝ፣ ምን ይነካኛል ብለሽ ስቀሽ አልነበር? ውሸታም! ከትናንት ጀምሮ እያለቀስኩ እሰድብሻለሁ። ምነው አንድ ቃል እንኳ ብትተነፍሺ?

ካርዱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሾፌሩ እጅ ልኬልሻለሁ። ቀጠሮሽ የፊታችን ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ሴትዮዋ የእኔን ወረቀት ከአንቺው ለይታ ትጠብቅሻለች። ስምሽ ሲጠራ አፍረሽ ዝም እንዳትይ። ነርሷ ምነው ወፈርሽ ብትልሽም አትቀየሚያት፤ እኔን ለምዳ ነው።

ስለ እኔ አታስቢ። ሐኪሙ አራቱ ይበቁሻል ብሎኛል። እኔም ብረት ነኝ።

የሚነካሽ እጅ ሁሉ የምሕረት እጅ ይሁንልሽ። ልጆችሽ ለወግ ለማዕረግ ሲበቁ፣ ቆመሽ እልል ለማለት ያብቃሽ።

ሹራቡን ያወለቀችው
ታናሽሽ