ሙሽራ የሌለው ድግስ

ማክሰኞ

ሙሽራዋ ማን ናት ብዬ ብጠይቃቸው «ተይው» አሉ። ሙሽራውስ? «እሱንም ተይው።»

አያ ምናሉ ይባላሉ። ከጋፋት ወዲያ የመጡ ገበሬ ናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው ሱቄ በር ላይ ብዙ ከቆሙ በኋላ ነው የገቡት። ለእሑድ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ምግቡን፣ መስተንግዶውን ሁሉ እኔ እንዳሰናዳላቸው ይፈልጋሉ።

«ተዝካር ነው?»

«አይደለም ልጄ።»

«ክርስትና?»

«ድግስ ነው በይው።»

ያዘዙኝ እንዲህ ነው። ሁለት ድንኳን ፊት ለፊት፣ መግቢያውም ለየብቻ። ቁርጥ አይቀርብም፤ ቢላዋ የሚባል ነገር ጠረጴዛ ላይ እንዳይታይ። አረቄ አይገባም። ዘፈን የለም።

ደብረ ታቦር ላይ የመምህራን ሰርግም፣ የተማሪ ምረቃም ደግሻለሁ። ቁርጥ ይቅርብኝ ያለ ገበሬ ግን አይቼ አላውቅም። ያም ሆኖ እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ እንጃ።

ረቡዕ

ቦታውን ለማየት ከደሳለኝ ጋር ሄድን። ደሳለኝ ድንኳን የሚተክልልኝ፣ መኪናውንም የሚነዳው ባልደረባዬ ነው። ሜዳው ገብስ የታጨደበት ነው፣ ደልዳላ። ነፋሱ ይበረታል፤ ካስማው ጠለቅ ማለት አለበት።

ስንለካ ከካቡ ወዲያ ሁለት ሰዎች ቆመው ያዩናል። ጠመንጃ ይዘዋል። እዚህ አገር ጠመንጃ የያዘ ሰው ብርቅ አይደለም። ሰላም ብላቸው አልመለሱልኝም። ሰላምታ የማይመልስ ሰው ነው ብርቁ።

ስንመለስ ስለ ጠረጴዛ ልብሱ አወራሁ። ቀዩን አስቤ ነበር፤ ከገለባው ጋር ያምራል። ደሳለኝ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ «ቀዩ ይቅር» አለኝ።

«ለምን?»

«እንዲያው።»

ደሳለኝ በጨርቅ ቀለም ገብቶ አያውቅም። የሚያውቀው ነገር አለ።

ሐሙስ

የማላውቀው ቁጥር ደወለ። የወንድ ድምፅ ነው። ስሙን አልነገረኝም።

«የእሑዱን ድግስ የምታሰናጂ አንቺ ነሽ?»

አዎ አልኩ።

«የምናሉ ልጅ በየትኛው በር ነው የሚገባ?»

ገና አልተወሰነም ብዬ ዘጋሁት። እንግዳ ስንት ሰዓት እንደሚጀመር ይጠይቃል። የሌላ ሰው መግቢያ የሚጠይቅ ግን ምን ፈልጎ ነው?

ስልኬንስ ማን ሰጠው? ደሳለኝን አፋጠጥኩት። አንገቱን ደፋ። «የአክስቴ ልጅ ነው» አለ። «የቀረውን አያ ምናሉን ጠይቂያቸው። እኔ የምናገረው ነገር አይደለም።»

ስንት ድንኳን አብረን ተክለናል። ዛሬ ፊቱ የባዕድ ፊት ሆነብኝ።

ዓርብ

አያ ምናሉን አስጠራኋቸው። እንደገና በር ላይ ቆም ሲሉ፣ «ይግቡና ይንገሩኝ፤ አለዚያ ድንኳኔን አልጭንም» አልኳቸው።

ነገሩኝ። ልጃቸው በእርሻ ድንበር ጠብ የጎረቤቱን ልጅ በዱላ መትቶ ገድሏል። ታስሮ፣ ቅጣቱን ጨርሶ ወጥቷል። የሟች ወንድም ግን ደሙን አልተወም። ካህናቱና ሽማግሌዎቹ ሲመላለሱ ከርመው በመጨረሻ እርቁ እሺ ተብሏል። እሑድ ደም ይደርቃል፤ ሁለቱ ቤተሰብ አብሮ ይበላል። የሟች እናት የደሳለኝ አክስት ናቸው። ትናንት የደወለልኝ የሟች ወንድም ነው።

«እኔን ለምን ፈለጉኝ ታዲያ?»

«ከኛ ቤት የወጣ እህል እነሱ አይቀምሱም። ከነሱ ቤት የወጣውን እኛ አንቀምስም። የባዕድ እጅ ያስፈልገናል።»

«ለምን መጀመሪያ አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ትመጪ ነበር?»

ድንኳኑን እጭናለሁ አልኳቸው።

ደሳለኝ እንደሚለው ሰውየው ስለ በሩ የጠየቀው እናቱ የገዳዩን ፊት ድንገት እንዳያዩ ብሎ ነው። እውነት ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ስለ ምግቡም ሌላ ጭንቅ መጣብኝ፤ አንድ ሰው ሆዱን ቢያመው እንኳ መርዝ ነው ይባላል። ወጡን ራሴ እሠራለሁ፤ ከድስቱ አልለይም።

ቅዳሜ

ሁለቱን ድንኳን ተከልንና ራቅ ብዬ አየሁት። የጦር ሰፈር! ፊት ለፊት የተቀመጠ ባላንጣ ሲተያይ ይውላል እንጂ አይበላም።

እርቁን የያዙት ቄስ ዘንድ ሄድኩ። አንድ ረጅም ድንኳን ይሁን፣ ፊቱ ክፍት፤ ሽማግሌዎቹና ካህናቱ መካከል፣ ቤተሰቦቹ ግራና ቀኝ። የሟች እናት ቀድመው ይቀመጡ፤ ገዳዩ በሜዳው በኩል ይምጣ አልኳቸው።

«ከሩቅ ይታያት፤ ይሻላል» አሉ።

ከሩቅ የሚታይ ሰው ዒላማም ይሆናል፤ ይህንንም ነገርኳቸው።

«መሣሪያ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ይቀመጣል።»

ሁሉም? ማን ፈትሾ?

ድንኳኑን አፍርሰን እንደገና ተከልን። ነጩን ጨርቅ አነጠፍኩ።

እሑድ

የሟች ወንድም ካፖርት ለብሶ መጣ፣ ፀሐዩ እንዲያ እየጠበሰ። እጁን ከኪሱ አላወጣም። ከሱ በቀር የማየው ነገር አልነበረም።

የአያ ምናሉ ልጅ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ብቻውን በሜዳው መጣ። ወንድምየው ብድግ አለ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ፊቱ ቆሙ። እናቱ ወደሱ ሳይዞሩ «ተቀመጥ» አሉት። ተቀመጠ። የአያ ምናሉ ልጅ ድንጋዩን እንደተሸከመ መሬት ላይ ተደፍቶ «ስለ መድኃኔ ዓለም» አለ። ካህናቱ ድንጋዩን አወረዱለት።

ምግብ ቀረበ፤ እጁን የሚሰድ ጠፋ። ውኃ ይዤ የሟች እናት ፊት ቆምኩ። እጃቸውን አልዘረጉም። ያኔ የአያ ምናሉ ሚስት መጥተው ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ወሰዱት። አጋድመው ይዘውታል፤ ውኃው ቀሚሳቸው ላይ ይፈሳል። የሟች እናት ቀና ብለው ብዙ አዩዋቸው።

«አፍስሺው እንጂ» አሏቸውና እጃቸውን ዘረጉ።

ወንድምየውም ተራው ሲደርስ እጁን ከኪሱ አወጣ። ባዶ ነው። ታጠበ። ጥቂት በላ፤ ከማንም ጋር አልተነጋገረም።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል ሁሉም ተነሱ። የሁለቱም ቤት መንገድ አንድ ነው፤ ጠመንጃቸውን ከቤተ ክርስቲያኑ ይዘው ተከታትለው ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረዱ። ወንድምየው ከአያ ምናሉ ልጅ ኋላ ነበር። ከዛፎቹ ወዲያ ተሰወሩብኝ።

ደሳለኝ «እንጫን እንጂ» አለኝ።

«ቆይ» አልኩት።

ወንበር ተደግፌ ጆሮዬን አቆምኩ። እሱም አጠገቤ ቆመ። ነፋሱ ብቻ። ወዲያ ማዶ ውሻ ጮኸ፣ ተወ። ሌላ ምንም አልተሰማም።

ከዚያ መጫን ጀመርን።