ከቤት ግብር ነፃ የተባልኩበት ቀን

የዘሀራ አባት፣

ከተለየኸኝ ዘጠኝ ወር ሊሞላ ነው። አላህ ይርሐምህ፣ ቀብርህን በኑር ይሙላልህ። ይህን የምጽፍልህ በገዛ እጄ ነው። ፊደሌ አሁንም እንደተንጋደደ ነው፣ አትሳቅብኝ። ያኔ ድስቱ እንዳያርር አንተ ቤት እየዋልክ እኔን መሠረተ ትምህርት ስትልከኝ፣ ላንተ ደብዳቤ የምጽፍበት ቀን ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ቤቱ እንዳለ ነው። ጣሪያው ክረምቱን አፍስሶ፣ የዘሀራ ባል ከሰንበቴ ከተማ መጥቶ ደፈነልኝ። ዘሀራ እኛ ጋ ኑሪ ብላ ለመነችኝ፤ እምቢ አልኳት። ጡረታህን አሁን የምቀበለው እኔ ነኝ፣ ግማሹን ብቻ። ዘይቱም ማሽላውም ግን ባሏ የሞተባት ናት ብለው ዋጋቸውን አልቀነሱልኝም። ይህን ሁሉ የምዘባርቀው ዋናውን ነገር ለመናገር ድፍረቱን ባጣ ነው።

አምና፣ ከጡረታው ሌላ ገቢ የሌለው ሰው ከቤት ግብር ነፃ እንዲባል ያመልክት ሲባል፣ በቀበሌያችን ያልተደሰተ ሽማግሌ አልነበረም። ጡረታው ከዓመት ዓመት ያው ነው፣ ገበያው ግን ያው አይደለም። ማመልከቻችንን በሌላ ሰው አላስጻፍንም፣ እኔው ጻፍኩት። ባለቤቴ ዕድሜውን በሙሉ በደሴ መንገድ ላይ አካፋ ይዞ ሲደለድል የኖረ፣ ከጡረታው በስተቀር ምንም ገቢ የሌለው ሰው ነው አልኩ። በሕይወቴ ከፊደል ልምምድ ያለፈ ነገር ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ገልብጬዋለሁ።

ቀበሌው ኮሚቴ ፊት ተነቦ ሲያበቃ አንተ ተነሣህ። ማንም ሳይጠይቅህ፣ ጓሯችን ውስጥ አንዲት የሎሚ ዛፍ እንዳለች፣ እኔም በገበያ ቀን ለጨውና ለጋዝ እያልኩ ፍሬዋን እንደምሸጥ ተናገርክ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጓድ ሊቀ መንበሩም ሳቁ። ጸሐፊው ግን አልሳቀም፤ ሌላ ገቢ አላቸው ብሎ ጻፈና ማመልከቻችን ወደቀ። ላም የሚያልቡ ሰዎች አፋቸውን ዘግተው ነፃ ሲባሉ እያየሁ፣ እኔ በገዛ ባሌ ውሸታም ተብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ፣ ሐራም እኮ ነው፣ እንዴት ዝም እላለሁ ብለህ ልታስረዳኝ ሞከርክ። ሻሼን ፊቴ ላይ ጎትቼ ጥዬህ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲያ አኮረፍኩህ። ወላሂ፣ በዚያ ሁሉ የትዳር ዘመናችን እንደዚያ አኩርፌ አላውቅም። ምግብህን አቀርባለሁ፣ ልብስህን አጥባለሁ፣ ቃል ግን ከአፌ አይወጣም። አንተ በየማለዳው አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ እያልክ ታባብለኝ ነበር። ገና ሳታገባኝ ከቦርከና ወንዝ ማዶ እየመጣህ በኦሮምኛ ብቻ ታዋራኝ እንደነበረው ጊዜ ማለት ነው። እኔ ግን ነጋ፣ ሰላም ነው ብሎ መመለስን እንኳ ሰሰትኩብህ። ግብሩን ለመክፈል፣ ለዒድ ያልናትን ፍየል ወደ ገበያ ስትነዳ ከበር ቆሜ አየሁህ። እሰይ፣ አሁን ሐቅህን ብላት አልኩ በሆዴ።

ሳምንትም ሳይቆይ ወባ ጣለህ። ወደ ጨፋ ረግረግ እየተመላለሰ ወባ ያልያዘው ማን አለ ብዬ ቀላል መሰለኝ። ሲሻለው እታረቀዋለሁ እያልኩ ውሃ አቀብልህ ነበር፣ ያውም ዝም ብዬ። በአራተኛው ቀን ምላስህ ተሳሰረ። በአምስተኛው ቀን ቀበሩህ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ቀበሌው አስጠራኝ። የሟች ጡረተኞች ሚስቶች ጉዳያቸው እንደገና ይታይ ተብሎ ኖሯል። ገና ወንበር ሳይሰጡኝ የሎሚዋን ነገር ራሴው አስቀደምኩ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ዝም ብል ከበሩ አጠገብ ቆመህ የምታዝንብኝ መሰለኝ። ጸሐፊው ያው ያምናው ነው። ጡረታው ግማሽ ከሆነማ ሎሚውም ተጨምሮበት የትም አይደርስ አለና ማህተሙን መታልኝ። ከዘንድሮ ጀምሮ ከቤት ግብር ነፃ ነኝ።

ደጅ ስወጣ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች እንኳን ደስ ያለሽ ይሉኛል። እኔ ወረቀቱን አጥፌ በሻሼ ጫፍ ቋጠርኩት። ይቺን ወረቀት አስቀረህብኝ ብዬ ነበር እኮ ቃሌን የነፈግኩህ። አሁን የሰጡኝ አንተ ስለሌለህ ነው። መልሰው ይውሰዷት። እስክሞት ግብር ልክፈል፣ አንተ ብቻ ና።

አፉ በለኝ፣ የዘሀራ አባት። በቁምህ ልልህ ሲገባኝ ዛሬ በወረቀት እላለሁ። በየጁምዓው ዱዓ አደርግልሃለሁ፣ ከሰላቴም ስምህን ሳልጠራ አልነሣም። ለዘሀራ ልጆች፣ አያታቸው አንዲት ሎሚ እንኳ መደበቅ የማይሆንለት ሰው እንደነበር እነግራቸዋለሁ። እኔ ደግሞ በዚሁ የተነሣ አኩርፌው፣ ሳልታረቀው እንደሞተብኝ እነግራቸዋለሁ። ይህንንም አልደብቅም።